ማሽኑ አንድ ዓመት፣ ሥራው ዘጠኝ ዓመት፦ ስለ መሃል ከተማ የባቡር ዋሻ የተነሣ ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ሰው ጥያቄ ያቀረበ ይምሰል እንጂ ፍርዱን ጨርሶ ነው የመጣው። የጻፈው በሎስ አንጀለስ መሃል ከተማ ሥር ስላለፈው የቀላል ባቡር ማገናኛ ነበር። ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዳዲስ ጣቢያዎቹም ሦስት ናቸው። ግንባታው በይፋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ሲሆን የመጀመሪያውን ተሳፋሪ የጫነው ግን ጁን 16 ቀን 2023 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ሲጀመር 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተያዘለት ሥራ ሲያልቅ ወደ 1.8 ቢሊዮን ተጠግቷል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ችግሩ ድምዳሜው ላይ ነው። ጥሩ ዋሻ ቆፋሪ ማሽን ገዝቶ ጉድጓድ ውስጥ ማውረድና በሌላኛው ጫፍ መቀበል ይህን ያህል ጊዜ ከፈጀ፣ ነገሩ ወይ ስንፍና ነው ወይ ሌብነት አለ። ሦስተኛ ምክንያት አለ የሚል ካለም እንዲያስረዳው ጋበዘ።

ሦስተኛው ቀርቶ አሥረኛም መጣለት። ተራውን ጠብቄ ልተርከው እሞክራለሁ፤ አንዳንዱን ግን ዘልዬ አልፋለሁ፣ ምክንያቱም ከመልሶቹ ጥቂት የማይባሉት ስለ አሳንሰር ሽታ ናቸው።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ለጥያቄው አመስግኖ፣ ከመፍረድ በፊት ማገናኛው ለምን እንዳስፈለገ ማወቅ ይበጃል አለ። ከተማዋ በ1990 የከፈተችው የመጀመሪያው ቀላል ባቡር ከሎንግ ቢች ተነሥቶ መሃል ከተማው ደቡባዊ ጥግ ላይ ያበቃ ነበር። በ2003 የተከፈተው የፓሳዲና መስመር ደግሞ ከሰሜን መጥቶ በሌላኛው ጥግ፣ ዩኒየን ስቴሽን ላይ ይቆም ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በእግር የሚኬድ ያህል ቢሆንም፣ ከሎንግ ቢች ፓሳዲና የሚሄድ ሰው ሦስት ባቡር መያዝ ነበረበት፤ አንዱን ወርዶ፣ ከመሬት በታች በሚሄደው ሌላ ባቡር ሁለት ሦስት ጣቢያ ተጉዞ፣ እንደገና ሦስተኛውን መጠበቅ። ከምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ወደ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳርቻ የሚሻገረውም ዕጣው ያው ነበር። ማገናኛው ሲከፈት ሁለቱም መቀያየር ቀረላቸው፤ ከሎንግ ቢች የሚነሣው መስመርም ሳይቋረጥ ወደ 78 ኪሎ ሜትር ሆነ። እንግዲህ ሦስት ኪሎ ሜትር ተቆፍሮ የተገኘው ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ ይህ ነበር የ1ኛው ሰው ሐሳብ። እኔም እስከ መጨረሻው ድረስ ከዚህ የሚሻል መግቢያ አላየሁም።

2ኛው በአንድ መስመር ሌብነት ነው ብሎ ሄደ። ተመልሶም አልመጣም።

3ኛው ሰው ነው ክሩን ያቆመው ማለት ይቻላል። የማሽኑን ታሪክ በቀን አስቀመጠው። አንጄሊ የተባለችው ቆፋሪ ማሽን አንድ ሺህ ቶን የምትመዝን ስትሆን፣ ሊትል ቶኪዮ ከሚባለው ሰፈር ቁፋሮ የጀመረችው በፌብሩዋሪ 2017 ነው። የመጀመሪያውን ዋሻ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ጨረሰች። ከዚያ ተፈታትታ ወደ መነሻዋ ተመለሰችና ጎን ለጎን የሚሄደውን ሁለተኛውን ዋሻ ጀምራ ጃንዋሪ 2018 ላይ አበቃች። ማለትም መፍታቱና መግጠሙ ሁሉ ተደምሮ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ስለዚህ የክሩ ባለቤት ስለ ማሽን ያለው እውነት ነው፣ ማሽኑ ፈጣን ነው፤ ግን ከዘጠኙ ዓመት ስምንቱ የት ሄደ የሚለውን ጥያቄ ራሱ ስቶታል ሲል አረመው። አራሚው ትሕትና አልጎደለውም፣ ሁሉንም እርስዎ እያለ ነው የጻፈው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

4ኛው ማሽን ለምን የሴት ስም ይወጣለታል ብሎ ጠየቀና ወሬው ጠመመ። 5ኛው፣ የማዕድንና የዋሻ ቆፋሪዎች ጠባቂ ቅድስት በርባራ እንደሆነች፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን በሴት ስም መሰየም በብዙ አገር የቆየ ልማድ መሆኑን ነገረው። ሳን ፍራንሲስኮ ለማዕከላዊ ዋሻዋ የተጠቀመችባቸውን ሁለት ማሽኖች ማም ቻንግና ቢግ አልማ ብላ በከተማዋ ሴቶች ስትሰይም፣ የጀርመኗ ካርልስሩህ ደግሞ የራሷን ጁሊያ አለቻት። 6ኛው ስም ማውጣት ከተጀመረ እንግዲህ ክርስትናም ይነሣ ብሎ ቀለደ።

7ኛዋ መልስ ሰጪ ቀልዱን አላነሡትም። ለሃያ ዓመት ያህል ቱቦና ኬብል ሲያዛውሩ የኖሩ መሐንዲስ ናቸው፤ አነጋገራቸው ረጋ ያለ፣ ዕድሜም የሚታይበት ነው። ለእኔ የክሩ እምብርት የእሳቸው መልስ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላውራው።

ነገሩን የጀመሩት ከአስፋልቱ ነው። ሰው የመንገድ ሥር ሲባል አፈር ይመስለዋል አሉ፤ ባረጀ መሃል ከተማ ውስጥ ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች አፈር የሚባሉ አይደሉም። የመጠጥ ውሃ ቱቦ፣ የፍሳሽ ቱቦ፣ የዝናብ ውሃ መውረጃ፣ ጋዝ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የስልክ ኬብል፣ አንዳንዴም ከመቶ ዓመት በፊት የተቀበረና ባለቤቱ ድርጅት ራሱ የፈረሰ ነገር ተደራርቦ ይገኛል። ማሽኑ ከነዚህ ሁሉ በታች ስለሚሄድ አያገኛቸውም። ጣቢያ ግን እንደዚያ አይሆንም። ሰው ከመንገድ ወርዶ ባቡር መያዝ ስላለበት ጣቢያ ማለት ከላይ ወደ ታች የሚቆፈር ትልቅ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ ያለበት ቦታ ላይ ያለው ቱቦ ሁሉ ደግሞ ወይ ይነሣል ወይ ጉድጓዱ ላይ በብረት ይንጠለጠላል።

የሚነሣ ቱቦ እንዴት እንደሚነሣም ዘረዘሩ። መጀመሪያ አዲሱ ይቀበራል፣ ይፈተሻል፣ ደንበኛው አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ይዛወራል፣ አሮጌው የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ሆስፒታል ወይም ሆቴል ያለበት ሰፈር ከሆነ መዝጋት የሚቻለው ሌሊት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። የኤሌክትሪኩ ባለቤት ሌላ፣ የጋዙ ሌላ፣ የስልኩ ሦስትና አራት ስለሆኑ አንዱ ካልጨረሰ ሌላው አይጀምርም። ካርታውስ? ካርታው አለ፤ ግን ካርታው ከመንገዱ ጠርዝ ሁለት ሜትር የሚለው ቱቦ ሦስት ሜትር ተኩል ላይ ይገኛል፣ ወይም የመንገዱ ጠርዝ ራሱ ካርታው ከተሣለ ወዲህ ተገፍቷል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው በአስፋልት ላይ በቀለም ምልክት ነው፤ በአሜሪካ ሰማያዊው የመጠጥ ውሃ፣ ቀዩ ኤሌክትሪክ፣ ቢጫው ጋዝ፣ ብርቱካናማው ስልክና ኬብል፣ አረንጓዴው ፍሳሽ ነው። ከዚያ በእጅና በመምጠጫ ቀዳዳ እየተቆፈረ በዓይን ይረጋገጣል። የሎስ አንጀለሱ ሥራም ከዘገየባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው የቱቦና የኬብል ጉዳይ መሆኑን ተናገሩ። ማሽኑ ሙያ በልብ ነው ብሎ ከሥር ሲሄድ የሚያየው የለም፤ ሰው የሚያየውም የሚረግመውም ከላይ ያለውን ነው ብለው ዘጉት።

8ኛው የ7ኛዋን መልስ አድንቆ 3ኛውን አረመው። አንጄሊ የሄደችው መንገዱን ሁሉ አይደለም፤ በደቡቡ ጫፍ ያለው የፍላወር ጎዳና ክፍል በማሽን ሳይሆን ከላይ ተቆፍሮ፣ በጣውላና በብረት ተሸፍኖ፣ ውስጡ ተሠርቶ እንደገና የተደፈነ ነው። ምክንያቱ ደግሞ የሚገርም ነው። በዚያ ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉት ፎቆች መሠረታቸው ሲቆፈር፣ የጉድጓዱ ግድግዳ እንዳይናድ ረጃጅም የብረት ማሰሪያዎች ከግድግዳው ወደ መንገዱ ሥር ተተክለው ነበር። ፎቁ ከቆመ በኋላ ማሰሪያው አያስፈልግም፣ ግን ማን ያወጣዋል? እዚያው ቀረ። የአፈር ቆፋሪ ማሽን ደግሞ አፈርና ለስላሳ ድንጋይ ለመብላት የተሠራ ጥርስ እንጂ የብረት ገመድ የሚቆርጥ ጥርስ የለውም፤ ብረቱ ከተጠመጠመበት መቆሙ ነው። እናም ከሥሩ ሰላሳ አርባ ዓመት የተኛ ብረት ዛሬ የትኛው ዘዴ እንደሚመረጥ ወሰነ።

9ኛው እንግዲያውስ የፎቆቹ ባለቤቶች ዝም አሉ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ መልሱን ደግሞ 8ኛው ሰው ራሱ በ10ኛው ጽሑፍ ሰጠው። ዝም አላሉም። የጎዳናው ሆቴልና ሕንፃ ባለንብረቶች ከላይ መቆፈሩ ቀርቶ በማሽን ይሁን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2014ም ፍርድ ቤቱ በአብዛኛው ሥራውን ቢያሳልፍም የማሽኑ አማራጭ ለምን እንደተተወ ተጨማሪ ጥናት እንዲቀርብ አዘዘ። በሊትል ቶኪዮ በኩል ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። መጀመሪያ ባቡሩ በሰፈሩ ጥግ ባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ በገጽ ምድር እንዲያልፍ ታስቦ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተነሥቶ ከመሬት በታች ካልሆነ አይሆንም ስላለ ዲዛይኑ ተቀየረ። አንድ ከተማ፣ ሁለት ሰፈር፣ ሁለቱም ጥልቅ ይሁን ነው የሚሉት፤ አንዱ ግን በሸንጎ፣ ሌላው በችሎት።

ከዚህ በኋላ ነው አየሩ የተቀየረው።

11ኛው ሰው ይህ ሁሉ ድካም ከመጀመሪያው አላስፈላጊ ነበር ባይ ነው። ቀላል ባቡር ቀላል የተባለው በመንገድ ላይ መሄድ ስለሚችል ነው፤ አንዱን ጎዳና ለመኪና ዘግቶ ለባቡሩ መስጠትና የትራፊክ መብራቱን ለባቡሩ ቅድሚያ እንዲሰጥ ማስተካከል ሲቻል ለምን ይቆፈራል አለ። በአንድ ቢሊዮን ዶላር በገጽ ምድር ስንት መስመር ይዘረጋ ነበር ሲልም ጠየቀ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፣ እኔም ብዙ ጊዜ እጠይቀዋለሁ።

12ኛው የመለሰለት በካርልስሩህ ነው። ያች ከተማ የትራም አገር ናት፤ ከ1992 ጀምሮ ትራሙን በዋናው የባቡር ሐዲድ ላይ አውጥታ እስከ ገጠር ከተሞች በመላክ የታወቀች። ገጽ ምድርን የሚንቅ ሕዝብ አይደለም ያለው። ግን ከየገጠሩ የሚመጣው መስመር ሁሉ በአንዱ የካይዘር ጎዳና ላይ ስለሚያልፍ፣ በእግረኛው መንገድ መሃል ባቡር ባቡርን እየተከተለ ግድግዳ ሆነ። በ1996 ዋሻ ይሠራ ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ሕዝቡ እንቢ አለ፤ በ2002 የተሻሻለ ዕቅድ ቀርቦ ከግማሽ በላይ እሺ አለ። በ2010 ተጀምሮ በዲሴምበር 2021 ተከፈተ፤ ወጪውም መጀመሪያ ከታሰበው ከእጥፍ በላይ ሆኖ 1.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ደረሰ። የገጽ ምድር መስመር ሲሳካለት ራሱን ያንቃል ነው የ12ኛው ክርክር።

11ኛው በ13ኛው ተመልሶ መጣ። እስካሁን እርስዎ ሲል የነበረው ሰው አንተ ማለት ጀመረ። በእጥፍ የተወደደ ሥራ እንደ ድል መቁጠር የሚችለው ሒሳብ ያልተማረ ብቻ ነው የሚል ነገር ጨመረበት። 12ኛውም በ14ኛው ወንድሜ ብሎ ጀመረ፤ ያች ወንድሜ የቱ ወንድሜ እንደሆነች አማርኛ የሚያውቅ አይጠፋውም። ሦስት ፉርጎ ሆኖ የሚጋጠም ባቡር በአንድ የከተማ ብሎክ ውስጥ መቆም አለበት፣ አለዚያ ጅራቱ መስቀለኛው ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ መብራት ብታስተካክልም የባቡሩን ርዝመት የሚወስንብህ የብሎክህ ርዝመት ነው፣ መለኪያ ይዘህ ውጣ ብሎ መለሰለት። ቃሉ ሸካራ ቢሆንም ነጥቡ ትክክል ነው። የሎስ አንጀለስ ባለሦስት ፉርጎ ባቡር ርዝመቱ ከሰማንያ ሜትር ያልፋል፤ አንድ መስቀለኛ መንገድ ለመጥረግ ስንት ሰከንድ እንደሚፈልግ፣ በየሁለት ሦስት ደቂቃው በሁለቱም አቅጣጫ ሲመጣ ደግሞ ለእግረኛና ለአውቶቡስ ምን እንደሚተርፍ ማሰብ ነው።

15ኛዋ በሁለቱ መካከል ገባች፤ ለማስታረቅ ግን አልነበረም። የአንድ ትንሽ ሱቅ ባለቤት ነበረች። በየትኛው ከተማ እንደነበር አልጠቀሰችም፣ እኔም አልጠይቅም። በሯ ፊት ለፊት የጣቢያ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ አጥር ታጥሮ፣ የእግረኛው መንገድ ወደ ማዶ ሲዛወር ደንበኛ ቀረ። ካሳ ለመጠየቅ የሦስት ዓመት የሽያጭ መዝገብ አምጪ ተባለች፤ አመጣች፤ ከዚያ ገቢዋ የቀነሰው በቁፋሮው ስለመሆኑ ማረጋገጫ አምጪ ተባለች። ጣቢያው ሲከፈት እዚያ አልነበረችም፤ ቦታዋን ሌላ ሰው በእጥፍ ኪራይ ይዞታል። ማሽን ፈጣን ነው፣ ቱቦ ዘገምተኛ ነው የምትባባሉት ሁላችሁም ያ ዘገምተኛ ዓመት በማን ጉሮሮ ላይ እንደሚያልፍ አላነሣችሁም አለች። ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም። የክሩ ባለቤት ብቻ የሐዘን ምልክት አስቀመጠላት።

ዝምታውን የሰበረው 16ኛው ነው፤ ያመጣውም የባሰ ሐዘን ነበር። በጀርመኗ ኮሎኝ ማርች 3 ቀን 2009 የከተማዋ ታሪካዊ ቤተ መዛግብት ሙሉ በሙሉ ተደረመሰ። ከፊት ለፊቱ ለቀላል ባቡሩ የሰሜን ደቡብ መስመር የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ነበር። በአጠገቡ ባሉ መኖሪያ ቤቶች የነበሩ ሁለት ወጣቶች ሞቱ፤ ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ሰነዶች ጭቃ ውስጥ ገቡ። ምርመራው ያገኘው ነገር ትንሽ ነበር፦ ጉድጓዱን የሚከልለው የኮንክሪት ግድግዳ ሲሠራ አንድ ትልቅ ድንጋይ እንቅፋት ሆኖ፣ እሱ በአግባቡ ሳይወገድ በመቅረቱ ግድግዳው ላይ ክፍተት ተፈጠረ፤ በዚያ ክፍተት ውሃና አሸዋ ወደ ጉድጓዱ ገባ፣ ከሕንፃው ሥር ደግሞ ያን ያህል አፈር ጎደለ። 16ኛው ይህን የጻፈው ሌሊት ላይ ነው፤ ያለ ፍርድ፣ ያለ ስድብ። የዘገየ ሥራ ሁሉ የሰነፍ ሥራ እንዳይመስላችሁ ከማለት ሌላ አልጨመረም።

17ኛው ይህን ሊያቀል ብሎ የካናዳዋን የኦታዋን ጉድጓድ አመጣ። ጁን 8 ቀን 2016 ከሥሩ የቀላል ባቡር ዋሻ ሲቆፈርበት የነበረው የሪዶ ጎዳና መሃሉ ሰምጦ አንድ የቆመ መኪና ዋጠ፤ ጋዝ ፈሰሰ፣ ሕንፃዎች ባዶ ተደረጉ፣ ሰው ግን አልተጎዳም። መስመሩም በሴፕቴምበር 2019 ተከፈተ። እናም ቁፋሮ ማሽን ሲበላሽ እንዲህ ይሆናል ብሎ ደመደመ። 18ኛው አረመው፦ ኦታዋ ላይ እንደ አንጄሊ ያለ ዙሪያውን ኮንክሪት እየደረደረ የሚሄድ ማሽን አልነበረም፤ ድንጋዩን በክንዳቸው ጫፍ እየፈቀፈቁ የሚሄዱ ሦስት ቆፋሪዎች ናቸው የሠሩት። ጠንካራ ድንጋይ ላይ ይህ ያዋጣል፤ ድንጋዩ በድንገት በለስላሳ አፈር የሚተካበት ቦታ ላይ ግን ፊት ለፊቱን በግፊት ደግፎ የሚይዝ ነገር የለም። ማሽኖቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የአንጄሊ ዓይነቱ የቆረጠውን አፈር ቶሎ አያወጣም፤ ከራሱ ፊት ባለ ክፍል ውስጥ አምቆ፣ አረፋ ቀላቅሎ፣ ከውጭ የሚገፋውን መሬትና ውሃ በዚያው አፈር ይገፋዋል። የሚወጣው በጠመዝማዛ ማጓጓዣ፣ በልክ ነው። ብዙ ካወጣ ከላይ መሬት ይሰምጣል፣ ጥቂት ካወጣ መሬት ያብጣል።

19ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለ ሲያትል ነበር። ያች ከተማ በ1990 በመሃል ከተማዋ ሥር የአውቶቡስ ዋሻ ከፈተች፤ ነገ ባቡር ይመጣል ተብሎ ከወዲሁ ሐዲድ ተነጠፈበት። ባቡሩ ሲመጣ ግን ሐዲዱ ተነቅሎ ተጣለ፣ ዋሻው ከ2005 እስከ 2007 ሁለት ዓመት ተዘግቶ እንደገና ተነጠፈ። ምክንያቱ ሐዲዱ ከመሬት በአግባቡ ስላልተለየ ነው። የባቡሩ ኤሌክትሪክ በላይ ሽቦ መጥቶ በሐዲዱ ነው የሚመለሰው፤ ሐዲዱ ካልተሸፈነ ከፊሉ ወደ መሬት ሾልኮ የ7ኛዋን ሴትዮ ቱቦዎች ቀስ በቀስ ይበላል። በዚህ ታሪክ ኩራት ተሰምቶኝ ሳለ 20ኛው መጥቶ ግማሽ ነው ያወራኸው አለኝ። ሐዲዱ በሙሉ ቢሸፈን እንኳ ወለሉ አይሆንም ነበር፤ ዝቅተኛ ወለል ያላቸው ባቡሮች ስለመጡ የመንገዱ ወለል ወርዶ ከመድረኩ ጋር መስተካከል ነበረበት። ትክክል ነው፣ ተቀብያለሁ። የአሥራ አምስት ዓመት የወደፊት ነገር በኮንክሪት አስቀድሞ መጻፍ እንዲህ ነው።

21ኛው ወደ ሎስ አንጀለስ መለሰን። ማገናኛው ከተከፈተ በኋላ ሁለቱ መስመሮች ዋሻውን በጋራ ይጠቀማሉ፤ ጥሩ ነው። ከዋሻው በስተ ደቡብ ሲወጡ ግን አሁንም በጋራ በመንገድ ላይ ይሄዳሉ፣ ዋሽንግተንና ፍላወር የሚገናኙበት መስቀለኛ ላይም የመኪና መብራት ይጠብቃሉ። ስለዚህ ለ1.8 ቢሊዮን የተገዛው ዋሻ ስንት ባቡር እንደሚያሳልፍ የሚወስነው ዋሻው አይደለም፣ ከዋሻው ውጭ ያለ አንድ መብራት ነው። እዚህ ላይ 11ኛው መጥቶ ይኸው እኮ ነው ያልኩት፣ መብራቱን አስተካክሉ አላልኩም ወይ አለ። 12ኛውም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህስ ልክ ነዎት ብሎ ወደ እርስዎ ተመለሰ። ይቅርታ አልተባባሉም፣ ግን እርስዎዋ በቂ ነበረች።

23ኛው የጥልቀት ጉዳይ አነሣ። ኮረብታ ሥር ያለው የግራንድ ጎዳና ጣቢያ ሰላሳ ሜትር ገደማ ወደ ታች ስለሆነ ሰው የሚወርደው በስድስት ፈጣን አሳንሰሮች ነው። ጣቢያው ያለበት ሰፈር የሙዚቃ አዳራሾች ሰፈር ስለሆነም ንዝረት የሚያፍን የሐዲድ አልጋ ተነጥፎለታል። ሳን ፍራንሲስኮም በ2022 መጨረሻ የከፈተችው ዋሻ ከቀድሞው የምድር ውስጥ ባቡር በታች ስለሚያልፍ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቀየር ረጅም መተላለፊያ መሄድ ግድ ነው። በማሽን መቆፈር ጥልቅ ያደርጋል፣ መንገዱ ሰላም ያገኛል፤ ከላይ መቆፈር መንገዱን ለዓመታት ያውካል፣ ጣቢያው ግን ለእግር ቅርብ ይሆናል። አንዱ ሥቃይ ለአምስት ዓመት፣ ሌላው ለመቶ ዓመት በየቀኑ ሁለት ደቂቃ። የቱ እንደሚሻል ሳይናገር ተወው። ከ15ኛዋ መልስ በኋላ እኔም ለመናገር አልደፈርኩም።

ከ24ኛ እስከ 27ኛ ስለ አሳንሰር ሽታ ነው። አልተርክም።

28ኛው ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ቦስተን በ1897 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የምድር ውስጥ የትራም መስመር ስትከፍት፣ ቁፋሮው በድሮ መቃብር አጠገብ አልፎ ከ900 በላይ አስከሬን ተነሥቶ ሌላ ቦታ መቀበሩን ጻፈ። 7ኛዋ ሴትዮ በ29ኛው ቢያንስ እነሱ ቦታቸው ካርታ ላይ ነበር ብለው መለሱ። ከዚያ ሁሉ ረጋ ያለ ጽሑፍ በኋላ ቀልድ ያውቃሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

30ኛው የክሩ ባለቤት ነበር። ሌብነት ያለውን አላነሣውም፣ አልደገመውምም። በቀጥታ ለ7ኛዋ ነው የጻፈው፤ እትዬ ብሎ። ከሥራ ሲወጣ በሰፈሩ አስፋልት ላይ በቀለም የተሣሉ መስመሮች አይቶ፣ ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ሆኖ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ እንደቆጠራቸው ነገራቸው። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ ሁሉም አሉ። ሐምራዊ ግን እሳቸው ስላልጠቀሱት ምን እንደሆነ ጠየቀ።

31ኛው አጭር ነበር። ሐምራዊ ተጣርቶ ለአትክልት የሚመለስ ፍሳሽ ውሃ መሆኑን፣ መስመሩንም በጣም እንዳያምነው፣ ቱቦው ከቀለሙ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ሊገኝ እንደሚችል ጻፉለት።